አልገጥም ያለ የአንጓ አጥንት

ማንኪራ ጫካ ቡና የሚለቀምባት፣ የንብ ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቀልባት የካፋ ቀበሌ ናት። ዝናብ በሚያዘወትረው በዚህ አገር አዳልጦት የሚወድቅ ሰው መሬቱን በመዳፉ ይቀበላል። የክንዱ አጥንት ከተሰበረ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል። አስቸጋሪው ከአውራ ጣት ሥር ያለው ስካፎይድ የሚባለው ትንሽ አጥንት ነው።

አውራ ጣት ወደ ላይ ሲቀሰር ከሥሩ ስርጉድ ይታያል። እዚያ ላይ ሲጫኑት ካመመ ስብራት መጠርጠር ይገባል። የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ቢመስል እንኳ ጀሶ አስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ደግሞ ማንሳት የተለመደ ነው። ለአጥንቱ ደም የሚገባው በአብዛኛው በጣቶች ወገን ስለሆነ፣ መካከሉ ላይ ሲሰበር ወደ ክንድ ያለው ቁራጭ ደም ያጥረዋል። እብጠቱ ግን ቶሎ ይጎድላል፤ ሰውየውም «ወለምታ ነው» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። 6 ወር አልፎት ካልገጠመ በራሱ የመግጠም ተስፋው የመነመነ ነው፤ ዓመታት ሲቆጠሩም አንጓው በሙሉ ይበላሻል።

ያኔ የሚቀረው የአጥንት ንቅለ ተከላ ነው። ሐኪሙ በሁለቱ ቁራጮች መካከል የበቀለውን ጠባሳ መሰል ሥጋ እየፋቀ ደም ያዘለ አጥንት ጋ ይደርሳል፤ ከታካሚው ከራሱ የተወሰደ ስፖንጅ መሰል አጥንት ክፍተቱ ውስጥ ይጠቀጥቅና በብሎን ወይም በሽቦ ያስረዋል። የቀዶ ጥገና ሐኪሞቹ ማቲ በ1937 እ.ኤ.አ. በእጅ ጀርባ በኩል፣ ሩሴ በ1960 በመዳፍ በኩል ገብተው መንገዱን ጠረጉ። በ1984 የኸርበርት ራስ አልባ ብሎን መጣ፤ በ1991 ደግሞ ዛይደምበርግ ከነደም ሥሩ የሚዛወር አጥንት አስተዋወቀ። ይህ የመጨረሻው በተለይ ደም ለተቋረጠበት ቁራጭ የታሰበ ነው፤ ሁልጊዜ ይበልጣል ወይ በሚለው ግን ሐኪሞች እስካሁን ይከራከራሉ።

እኛ አገር የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ወጌሻውን ማባረር የሚያዋጣ አይመስለኝም። ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ እጅን እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ የታወቀ ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ለወጌሾች የተሰጠ አጭር ሥልጠና ግን ይህን ጉዳት እንደቀነሰ በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ያችን ስርጉድ የሚያውቅ ወጌሻ ሕመምተኛውን በጊዜ ወደ ቦንጋው ገብረ ፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ሊልክ ይችላል።

ቀዶ ጥገናው የግድ ከሆነም፣ የሚተከለው አጥንት ከዳሌ ሳይሆን እዚያው አንጓው አጠገብ ካለው የክንድ አጥንት ሊወሰድ ይችላል። የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ ነው፤ ሁለተኛው ግን ክንድን ብቻ በማደንዘዝ ይሠራል፣ ታካሚውም በዳሌ ሕመም አያነክስም። ከዚያ በኋላም ሳምንታት በጀሶ ማለፍ አለባቸው፤ ይህ ከቡና ለቀማው ጋር ከገጠመ ችግር ነው።