ያውቁ ኖሯል? ከቢሮ ሰዓት በፊት የተጻፉ ልብ ወለዶች

እንግሊዛዊው ደራሲ አንተኒ ትሮሎፕ (1815–1882 እ.ኤ.አ.) 47 ልብ ወለዶች ጽፏል፤ ብዙዎቹን የጻፈው የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሳለ ነው። ከሌሊቱ 11:30 ላይ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ትናንት የጻፈውን ያነባል፤ ከዚያ ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ለመጻፍ ይጥራል። ቁርስ ሳይደርስ የዕለቱን ጽሑፍ ይጨርስና ወደ መደበኛ ሥራው ይሄዳል። ባቡር ላይም ቢሆን በእርሳስ ይጽፍ ነበር፤ ባለቤቱ በኋላ በንጹሕ ትገለብጥለታለች።

ከሁሉ ልብ የሚነካው ግን ማለዳ ቡና ይዞ የሚቀሰቅሰው ሽማግሌ አገልጋዩ ነው። ለዚህ ሥራ በዓመት 5 ፓውንድ ተጨማሪ ይከፈለው ነበር፤ ትሮሎፕም በግለ ታሪኩ ለስኬቱ ከማንም በላይ ለእሱ ባለዕዳ መሆኑን መስክሯል። እንዲህ ያለ ምስጋና ብዙ ደራሲ አይጽፍም።

በእኛም አገር በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘውን ልብ ወለድ ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ እንደ ትሮሎፕ ሁሉ ደራሲ ብቻ ሳይሆኑ በዲፕሎማትነትና በመንግሥት ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉ ፊደል ያልቆጠሩ አድማጮች ዘንድም ደረሰ።