አጂዮ፦ የአንድ ገንዘብ ሁለት ዋጋ

አንድ ገንዘብ በሌላው ሲመነዘር ከታወጀው ተመን በላይ የሚከፈለው ጭማሪ «አጂዮ» ይባላል። የቃሉ ምንጭ ኢጣልያንኛ ነው፤ የሥርወ ቃል መርማሪዎች ግን ከዚያ አልፈው፣ ልውውጥን ወደሚያመለክተው ወደ መካከለኛው ዘመን የጽርዕ ቃል ይመልሱታል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1609 የቆመው የአምስተርዳም ባንክ ገንዘብ፣ በገበያ ከሚዘዋወረው ከተሸራረፈ ሳንቲም ይልቅ ታማኝ ስለ ነበረ፣ አዳም ስሚዝ እንደ መዘገበው ከመቶ 5 ያህል ጭማሪ ያስገኝ ነበር።

ስሙ እንግዳ ቢሆንም ግብሩ ለአገራችን ባዳ አይደለም። በሱሉልታ ወደ ጎጃም፣ በቡራዩ ወደ ወለጋ፣ በሰበታ ወደ ጅማ በሚወጡት ጎዳናዎች ቡናና ቆዳ ሲያመላልስ የኖረው ነጋዴ፣ 1780 የተቀረጸበትን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሲቀበል በንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ዘጠኝ መሆናቸውን ሳያረጋግጥ እጁን አይዘረጋም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ መልካቸው የተቀረጸበትን ብር በፓሪስ ቢያሠሩም፣ ገበያው ለረጅም ዘመን ጠገራውን አብልጦ ቆየ። በ1928 ዓ.ም. የገባው የኢጣልያ ወራሪ ደግሞ ሊሬውን በትእዛዝ ተመን ለማስለመድ ቢታትርም፣ ሻጩ ለጠገራው ከተመኑ የሚልቅ ሊሬ ይጠይቅ ስለ ነበር፣ ለአጂዮ ስም የሰጠው ሕዝብ በባዕድ ምድር የአጂዮ ከፋይ ሆነ።

በዘመናችን ይህ ጭማሪ መኖሪያውን ያደረገው በጥቁር ገበያ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ባንክ አንዱን ዶላር በ57 ብር ገደማ ይተምነው እንጂ የሚሰጠው በወረፋ ስለ ነበረ፣ ከጅቡቲ እስከ ሰበታ በተዘረጋው ሐዲድ የሚመጣ የ10,000 ዶላር መለዋወጫ በባንክ ተመን 570,000 ብር ሲሆን፣ ከ100 ብር በላይ በሚጠራው ጥቁር ገበያ ከ1 ሚሊዮን ብር ያልፍ ነበር። ልዩነቱ፣ ማለትም ከመቶ 75 ያላነሰው አጂዮ፣ በአስመጪው ሒሳብ ላይ ብቻ አይቀርም ነበር፤ በፋብሪካው ምርት ዋጋ ውስጥ ገብቶ በመጨረሻ ከሸማቹ ኪስ ይወጣ ነበር።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ የዶላር ዋጋ በዚያው ዕለት ከ74 ብር አለፈ፤ በሁለቱ ተመኖች መካከል የነበረው ገደልም ጠበበ እንጂ ፈጽሞ አልተሞላም። የሚሞላውም ፈላጊው ሁሉ በባንኩ መስኮት በተጻፈው ዋጋ ዶላሩን ሲያገኝ ነው፤ አቅርቦት ያልደገፈው ተመን ለአጂዮ በር ከመክፈት አይመለስምና።