ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ከከሰል የሚርቅ፣ በጓንት የሚነካ፦ የቆዳ ሊምፎማ ጄል ለምን ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል?

እስቲ አንድ ከሰዓት በኋላ አስቡ። አጋሮ ውስጥ ናችሁ። ቡናው ተቆልቷል፣ ጀበናው ከሰል ላይ ተጥዷል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል። አክስታችሁ ሐኪም ያዘዘላትንና ከውጭ አገር የመጣላትን ትንሽ ቲዩብ ከፍሪጅ አውጥታ ክንዷ ላይ ያለውን ነጣ ያለ ምልክት ልትቀባ ነው። ጎረቤቷ ታያትና «እኔንም እጄን ያሳክከኛል፤ እስቲ ትንሽ ጠብ አድርጊልኝ» ትላለች።

ምን ችግር አለው? ቅባት አይደል እንዴ? ችግርማ አለው። በዚህች አንድ ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ስህተቶች ሊሠሩ ነው። የትኞቹ እንደሆኑ ጽሑፉ ሲያልቅ ራሳችሁ ትነግሩናላችሁ። የጄሉን የአጠቃቀም መመሪያ ግን በቃል መሸምደድ አያስፈልግም፤ ውስጡ ያለው ሞለኪውል ምን እንደሚሠራ ከገባችሁ አብዛኛውን መመሪያ ራሳችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ በሽታው

ሊምፎማ የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር ነው። እነዚህ ሕዋሳት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ ሥራቸው ሰውነትን ከተሕዋስያን መጠበቅ ነው። ከእነሱ መካከል ቲ ሴል የሚባሉት አንዳንዴ መስመር ስተው ቆዳ ውስጥ ይሰፍሩና ያለ ልክ ይባዛሉ። የቆዳ ሊምፎማ የምንለው ይህን ነው። ከዓይነቶቹ ሁሉ በብዛት የሚታየው «ማይኮሲስ ፈንጎይደስ» ይባላል።

ስሙ ፈንገስ ፈንገስ ይላል፤ በሽታው ግን ከፈንገስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ፈረንሳዊው ሐኪም አሊቤር እ.ኤ.አ. በ1806 በሽታውን ሲገልጽ በአንድ ሕመምተኛ ቆዳ ላይ ያየው እብጠት እንጉዳይ ስለመሰለው ነው ስሙ እንዲህ የቀረው። አይተላለፍም፤ ከታማሚው ጋር መብላት፣ መጨባበጥ፣ አብሮ መኖር አያሲዝም።

የሚያስቸግረው ነገር መልኩ ነው። መጀመሪያ ላይ ተራ የቆዳ ሽፍታ ይመስላል። ፈካ ባለ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል። እንደ እኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን ከአካባቢው ይበልጥ ሊጠቁር ወይም ነጣ ሊል ይችላል። ስለዚህ አንዱ «ቋቁቻ ነው» ይላል፣ ሌላው «ጭርት ነው»፣ ሌላው «ለምጽ ነው»፣ ሌላው «ችፌ ነው»። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ ነው፦ ዳሌ፣ ጭን፣ ሆድ፣ ጡት አካባቢ፣ የክንድ የውስጥ ክፍል። ትክክለኛ ስሙ እስኪታወቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ጥሩው ዜና ደግሞ አለ፤ በሽታው በአብዛኛው ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ። ቆዳ ላይ ጥቂት ቦታ ብቻ እያለ የተደረሰባቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንደ ማንኛውም ሰው ዕድሜያቸውን ይኖራሉ።

ከ1928 ዓ.ም. የጀመረ ትውውቅ

አሁን ወደ ጄሉ እንምጣ። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ክሎርሜቲን ይባላል፤ ሜክሎሬታሚን የሚሉትም አሉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 «ቫልክሎር» በሚል ስም ተፈቀደ፤ አውሮፓ ውስጥ «ሌዳጋ» ይባላል። የዚህን ሞለኪውል የቅርብ ዘመድ ግን ኢትዮጵያ ቀድማ ታውቀዋለች። ትውውቁ ደስ የሚል አልነበረም።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜ አካባቢ የነበረው የራስ እምሩ ጦር ከጣሊያን አውሮፕላኖች የወረደበት ነገር እንደ ለመደው ቦምብ አልነበረም። የሰናፍጭ ጋዝ፣ በሌላ ስሙ ኢፕሪት ነበር። ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ነው። ሣርና ውሃ ላይ ሲረጭ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ወታደርና ገበሬ አቃጠለ፤ ቆዳ ተላጠ፣ ዓይን ታወረ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ዡኖ ቆረም ላይ በጋዙ የተቃጠሉ ሰዎችን በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ ለዓለም ተናገሩ።

ታዲያ ይህ መርዝ ከመድኃኒት ጋር ምን አገናኘው? ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሐኪሞች አንድ ነገር ልብ ብለው ነበር፤ በሰናፍጭ ጋዝ የተጎዱ ሰዎች ነጭ የደም ሕዋሳቸው በጣም ያንሳል። በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን ከዚህ ተነስተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ነጭ የደም ሕዋስ ያለ ልክ የሚባዛበት በሽታ፣ ማለትም ሊምፎማ፣ ላይ ብንሞክረውስ? የሞከሩት ግን ራሱን ጋዙን አልነበረም። በሞለኪውሉ መሃል ያለው ሰልፈር በናይትሮጅን የተተካበትን ዘመዱን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 አንድ የሊምፎማ ሕመምተኛ መድኃኒቱን በደም ሥሩ ወሰደ። ዕጢዎቹ በቀናት ውስጥ ሟሟ፤ በኋላ ግን ተመልሰው መጡ፣ ሰውየውም ሞተ። ጊዜው ጦርነት ስለነበር ነገሩ እስከ 1946 በምስጢር ተይዞ ቆየ። ዛሬ ኬሞቴራፒ የምንለው ሕክምና ከጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። በጄሉ ውስጥ ያለው ያው ከናይትሮጅን የተሠራው ዘመድ ነው።

ሁለት እጅ ያለው ሞለኪውል

ዲኤንኤያችን ሁለት ክሮች የተጠማዘዙበት ገመድ ነው። ሕዋስ ሊባዛ ሲል ገመዱን ፈትቶ ሁለቱን ክሮች መለያየት አለበት። ክሎርሜቲን ሁለት እጅ እንዳለው አስቡት። በአንዱ እጁ አንዱን ክር፣ በሌላው እጁ ሌላውን ክር ጨምድዶ ይይዛል። በቃ፣ ገመዱ አይፈታም። መባዛት ያቃተው ሕዋስ ይሞታል። ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሕዋስ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጎዳል፤ ካንሰሩም የሚመታው በዚህ ነው።

ግን ልብ በሉ፤ እጁ የታመመውንና ጤነኛውን አይመርጥም። ጤነኛ ቆዳ ካገኘ ጤነኛውን፣ ዓይን ካገኘ ዓይንን ይይዛል። ስለዚህ መድኃኒትነቱ በሦስት ነገር ላይ የቆመ ነው፦ በመጠኑ፣ በቦታውና በጊዜው።

መጠኑን በእኛ አገር ሚዛን እናስላው። በጄሉ ውስጥ ያለው ክሎርሜቲን 0.016 በመቶ ብቻ ነው። 60 ኪሎ የሚይዝ የቡና ጆንያ በጄል ሞላችሁ እንበል፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ መድኃኒቱ 10 ግራም እንኳን አይሞላም፣ ከአንድ እፍኝ ቡና ያነሰ ማለት ነው። በ260 ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት ጄሉን ከተጠቀሙት 60 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ቁስላቸው ቢያንስ በግማሽ ቀንሷል። ለዚህ ግን ወራት የፈጀ የየቀኑ ሕክምና አስፈልጓል።

መመሪያውና ምክንያቱ

*በቀን አንዴ፣ በስሱ፣ ሐኪሙ ባሳየው ቦታ ብቻ።* ሞለኪውሉ ስለማይመርጥ ቦታውን የምንመርጥለት እኛ ነን። «ብዙ ብቀባ ቶሎ ይድናል» አይሠራም። ደግሞ የዚህ ቤተሰብ ኬሚካሎች ቃጠሎ ወዲያው ላይሰማ ይችላል፤ ሰዓታት ቆይቶ ነው የሚወጣው። ስላላቃጠለ ብላችሁ አትጨምሩ።

*ደረቅ ቆዳ ላይ።* ክሎርሜቲን ውሃ ሲያገኝ ይፈራርሳል። ስለዚህ ከታጠቡ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቆ መቀባት፤ ከተቀቡ በኋላ ደግሞ ለ4 ሰዓት አለመታጠብ። ቫዝሊንና ሌላ ማለስለሻም ከ2 ሰዓት በፊት ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ ነው የሚቀባው።

*ፍሪጅ ውስጥ።* ሙቀት ሞለኪውሉን ቶሎ ያበላሸዋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በካርቶኑ ውስጥ ሆኖ፣ ከምግብ ተለይቶ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጣል። ከወጣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ተቀብቶ ወዲያው ይመለሳል። ከተከፈተ በኋላ 60 ቀን ካለፈው ይወገዳል፤ ግን ግቢ ውስጥ አይጣልም፣ አወጋገዱን ፋርማሲስት ይጠየቃል። መብራት ሲጠፋስ? ይህ የኛ አገር እውነተኛ ጥያቄ ነው። በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ከቅዝቃዜ ውጭ ከቆየ ፋርማሲስት ሳይጠየቅ አይቀባም።

*ከእሳት ርቆ።* ጄሉ አልኮል ስላለበት በቀላሉ እሳት ይይዛል። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ከከሰል፣ ከሻማ፣ ከዕጣን ማጨሻ፣ ከሲጋራ መራቅ ግድ ነው። ልብስ ከመልበስ በፊትም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እንዲደርቅ ይተዋል።

*ፋሻም ላስቲክም አይደረግበትም።* አየር የማያስገባ ነገር ከሸፈነው መድኃኒቱ ከታሰበው በላይ ወደ ቆዳ ይገባል።

*እጅ።* ታማሚው ራሱ ከቀባ በኋላ እጁን በውሃና በሳሙና በደንብ ይታጠባል። የሚቀባው ሌላ ሰው ከሆነ ናይትራይል የሚባለውን ጓንት ያደርጋል፤ ጓንቱን ካወለቀ በኋላም ይታጠባል። የታማሚ ያልሆነ ቆዳ ከነካው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ የነካው ልብስም ይውለቅ። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ማጠብና ያለ ውሎ አድሮ ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ ዓይን እስከማሳወር ይደርሳል።

*ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት።* ጽንስ ማለት በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳት ስብስብ ነው። የቀረውን እናንተ ትጨርሱታላችሁ። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ እያጠቡም አይቀቡትም። እርግዝና ያሰበች ሴት ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሟ መንገር አለባት።

*ቆዳው ሲቆጣ።* በዚያው ጥናት ጄሉን ከተጠቀሙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቆዳቸው ተቆጥቷል፤ ማሳከክ፣ መቅላት፣ ማበጥ። በጠቆረ ቆዳ ላይ «መቅላቱ» ጠቆር ብሎ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ተጠግቶ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ በዓይን ብቻ ሳይሆን በስሜትም ተከታተሉ። ውሃ ከቋጠረ፣ ከቆሰለ፣ ወይም በጣም ካበጠ መቀባቱን አቁሞ ለሐኪም መንገር ነው። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ቆዳው እስኪያገግም ጠብቆ ቀናት እያራራቀ ያስጀምረዋል። መድኃኒቱ ሌላ ዓይነት የቆዳ ካንሰር የማምጣት ዕድል ስላለውም ክትትሉ አይቋረጥም።

ማዘዣው ለምን?

ይህ ጄል ውድ ነው፤ ቅዝቃዜም ይፈልጋል፤ በየትንሹ ከተማ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሚደረደር ዕቃ አይደለም። ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ነገርናችሁ? ምክንያቱም ልማዱ እቤታችን አለ። «ለእኔ ሠርቶልኛል፣ አንቺም ሞክሪው» እየተባለ ቲዩብ ከቤት ቤት ይዞራል። በብዛት የሚዞረው ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ነው። ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ ሲሆን ለዚሁ ለቆዳ ሊምፎማም ጥሩ መድኃኒት ነው። ያለ ምርመራ ሲቀባ ግን ምልክቱን ያደበዝዘዋል። ይደበዝዛል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይቀባል። በሽታው ስሙ ሳይታወቅ ዓመት ይቆጠራል።

ስሙ የሚታወቀው በባዮፕሲ ነው፤ ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ ከቆዳው ትንሽ ናሙና ይወስዳል፣ ናሙናው በማይክሮስኮፕ ይታያል። አንዳንዴ አንዴ ብቻ አይበቃም፣ ይደጋገማል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ ወይም ከመና ለሚነሳ ሰው ቅርቡ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ መጀመሪያ ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመው አለርት የቆዳ ሕክምና ከሚሰጡት ትልልቅ ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ወራት ያለፈው፣ በቅባት ደብዝዞ የሚመለስ፣ በተለይ ልብስ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ያለ ምልክት ካለ እንዲታይ ገፋፉ። አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቀላል ነገር ሆኖ ይገኛል። ሐኪም ጋ ስትሄዱም እስከ ዛሬ የተቀባውን ቲዩብ ሁሉ በላስቲክ ቋጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙን በእጅጉ ይረዳዋል።

አሁን ወደ አጋሮ ቡና እንመለስ። ሦስቱን ስህተቶች አገኛችኋቸው? ጄሉ ከከሰሉ አጠገብ ተከፈተ። ጎረቤቷ የታመመ ባልሆነ ቆዳዋ ላይ፣ ያለ ጓንትና ያለ ምርመራ ልትቀባው ነው። ቲዩቡም እስከ ሦስተኛው ቡና ድረስ ረከቦቱ አጠገብ ተረስቶ ሊውል ነው። እናንተ ግን እዚያ ካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው፤ አክስታችሁ ጓዳ ገብታ ትቀባ፣ እጇን ትታጠብ፣ ቲዩቡ ወደ ፍሪጅ ይመለስ፣ ጎረቤቷም ሐኪም ጋ ትሂድ። ቡናው ይጠብቃል።