የጂምናስቲክስ የዕድሜ ምድቦች

የታዳጊዎች የጂምናስቲክስ ውድድር በዕድሜ የተከፋፈለ ነው፤ አከፋፈሉ ግን በሌሎች ስፖርቶች ከተለመደው የተለየ ነው። በእግር ኳስ «ከ17 ዓመት በታች» ሲባል የሚከለከለው ዕድሜው ያለፈ ተጫዋች ነው። በጂምናስቲክስ ዓለም አቀፍ መድረክ ግን በር ላይ የሚመለሰው ዕድሜው ያልደረሰ ነው።

በአርቲስቲክ ጂምናስቲክስ፣ በሲኒየር ደረጃ ለመወዳደር ሴቶች 16፣ ወንዶች 18 ዓመት ሊሆናቸው ይገባል። የሚታየው የልደት ቀን ሳይሆን የልደት ዓመት ነው። ዕድሜዋ እስከ ዲሴምበር 31 የሚሞላ ልጅ በዚያው ዓመት ከጃንዋሪ ጀምሮ መወዳደር ትችላለች። አሜሪካዊቷ ዶሚኒክ ሞቺያኑ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ በቡድን ወርቅ ስታገኝ ገና 14 ዓመቷ ነበር፤ በጊዜው ዝቅተኛው ዕድሜ 15 ቢሆንም እርሷ 15 የሚሞላት በሴፕቴምበር 30 ስለነበር ሕጉ አላገዳትም። የቶኪዮ ኦሊምፒክ በኮቪድ ምክንያት ከ2020 ወደ 2021 ሲዛወር ደግሞ በ2005 የተወለዱት ሴቶች ሳይታሰብ ዕድሉ ደረሳቸው። ቪክቶሪያ ሊስቱኖቫ ከነዚህ አንዷ ስትሆን ከሩሲያ ቡድን ጋር ወርቅ ይዛ ተመልሳለች።

ይህ አቆጣጠር ልጆቻቸውን በውጭ አገር ለሚያሠለጥኑ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጃንዋሪ 1 የሚውለው ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ነው። በኅዳር 2004 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ እ.ኤ.አ. የ2011፣ በጥር 2004 ዓ.ም. የተወለደች ደግሞ የ2012 ልጅ ተብላ ትመዘገባለች። በአገር ቤት አቆጣጠር የአንድ ዓመት ልጆች የሆኑት ሁለቱ፣ በውድድሩ የአንድ ዓመት ልዩነት ይኖራቸዋል።

ዝቅተኛው ዕድሜ ሁልጊዜ 16 አልነበረም። ሮማኒያዊቷ ናዲያ ኮማኔች በ1976 በሞንትሪያል የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ 10 ነጥብ ስታገኝ 14 ዓመቷ ነበር። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ወሰኑን በ1981 ወደ 15፣ በ1997 ደግሞ ወደ 16 ከፍ አደረገው። ምክንያቱ ከአካል ዕድገት ጋር የተያያዘ ነው። ትንሽና ቀላል ሰውነት በአየር ላይ ለመገልበጥና ለመሽከርከር ስለሚመች አሠልጣኞች ልጆችን ቶሎ ለትልቅ መድረክ ለማድረስ ይጣደፋሉ፤ ገና በማደግ ላይ ያለ አጥንትና መገጣጠሚያ ግን ያን ሁሉ ጫና አይችልም። በወንዶች በኩል ጥያቄው ብዙም አይነሳም፤ ከወንዶች መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ቀለበት የሚጠይቀው ጡንቻ ራሱ ዘግይቶ የሚመጣ ነውና።

ስለዚህም በዚህ ስፖርት የዕድሜ ማጭበርበር የሚሠራው በተቃራኒው ነው። የሚያጭበረብሩት ዕድሜ አይቀንሱም፣ ይጨምራሉ። የቻይናዋ ዶንግ ፋንግሺያዎ በ2000 በሲድኒ የተወዳደረችው በ14 ዓመቷ መሆኑ በመረጋገጡ፣ በ2010 የቻይና ቡድን ነሐስ ተነጥቆ ለአሜሪካ ተሰጥቷል። ሰሜን ኮሪያም የአንዲት ተወዳዳሪዋን ዕድሜ ዓመት በዓመት 15 እያለች በማስመዝገቧ ከ1993ቱ የዓለም ሻምፒዮና ታግዳለች። ልጅቷ አላደገችም ማለት ነው!

በአርቲስቲክ ከሲኒየር በታች ያለው የጁኒየር ደረጃ የራሱ የዓለም ሻምፒዮና ያገኘው በ2019 ነው። በሃንጋሪ ጆር ከተማ በተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር ሴቶቹ 14 እና 15፣ ወንዶቹ 16 እና 17 ዓመት የሚሆናቸው ነበሩ። በሪትሚክ ጂምናስቲክስ ጁኒየር የሚባሉት ከ13 እስከ 15 ያሉት ናቸው። በትራምፖሊን የታዳጊዎች ዓለም አቀፍ ውድድር 11–12፣ 13–14፣ 15–16 እና 17–21 የሚሉ ምድቦች አሉት። አክሮባቲክ ከሁሉም ይለያል። ከታች ሆኖ የሚሸከመው ጠንካራ፣ ከላይ የሚወጣው ቀላል መሆን ስላለበት ተጣማሪዎች እኩዮች አይሆኑም፤ ምድቦቹም ለዚህ ሲባል እንደ 12–18 እና 13–19 ሰፋ ብለው እርስ በርስ ይደራረባሉ።

በየአገሩ በሚደረጉ ውድድሮች ግን ከዕድሜ የሚቀድመው የችሎታ ደረጃ ነው። በአሜሪካ ከ1 እስከ 10 የተቆጠሩ ደረጃዎች ያሉ ሲሆን ከነሱ በላይ ኤሊት ይገኛል። በዝቅተኞቹ ደረጃዎች ሁሉም ልጆች አንድ ዓይነት የታዘዘ ትርኢት ያቀርባሉ፤ ከ6 ጀምሮ የየራሳቸውን ያዘጋጃሉ። አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ደረጃ 7 ላይ ስትሆን እኩያዋ ደረጃ 3 ላይ ልትሆን ትችላለች፤ ዕድሜ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ አዘጋጆቹ የምድቦቹን ወሰን አስቀድመው አያስታውቁም፤ ምዝገባው ካበቃ በኋላ የአንድ ደረጃ ተወዳዳሪዎችን በልደት ቀናቸው ቅደም ተከተል ደርድረው ቁጥራቸው የተቀራረበ ቡድኖች ያደርጓቸዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ በአንዱ ውድድር ከምድቡ ታላቅ፣ በሌላው ታናሽ ሊሆን ይችላል።

ሜዳሊያ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ምድብ ለየብቻ ነው። አዲስ ወላጆችን ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው፤ በአንድ ደረጃ 36.5 ነጥብ ያገኘች ልጅ በምድቧ አንደኛ ስትወጣ፣ 37 ያገኘች ሌላዋ በራሷ ምድብ አራተኛ ልትሆን ትችላለች። የዳኞቹ መመዘኛ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ለታናሽነት ነጥብ አይጨመርም። የክለቦች የቡድን ውጤት ሲሰላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ምድቡ ይቀርና በደረጃው ውስጥ ከክለቡ ልጆች በየመሣሪያው የተመዘገቡት ከፍተኛ ነጥቦች ይደመራሉ።