የስኳር ሕሙማን የእግር ቁስል መድኃኒት እምቢ የሚለው ለምንድን ነው?

ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ሰፈሩ ወዳለው መድኃኒት ቤት ነው። አሞክሳሲሊን ይገዛል፤ መግሉ ደረቅ ሲል ያቆማል፤ ሲያገረሽበት ደግሞ «ጠንከር ያለ ስጡኝ» ብሎ ሲፕሮ ይወስዳል። እንክብሉን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ የሚነሰንስም አለ። ሆስፒታል ሲደርስ ግን የሚሠራለት መድኃኒት ማግኘት ጭንቅ ይሆናል።

ከእግሩ እንጀምር። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ሲወጋ ላይሰማ ይችላል። የደም ሥሮችም ይጠባሉ፤ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይህንን ነው። የምንውጠው መድኃኒት ቁስሉ ጋ የሚደርሰው በደም ነው። ደም በደንብ የማያገኝ ጣት መድኃኒቱንም በበቂ መጠን አያገኝም። ጀርሙን ሳይገድል የሚያለማምደው ደግሞ እንዲህ ያለው አነስተኛ መጠን ነው።

ጀርሞቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። አዲስ ቁስል ላይ በብዛት የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚባለው፣ በብዙ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ቁስሉ ሲቆይና መድኃኒት ሲፈራረቅበት እነ ኢ. ኮላይ፣ ክሌብሲየላና ሱዶሞናስ ይጨመራሉ። ሱዶሞናስን አሞክሳሲሊን ከመጀመሪያውም አይነካውም። አንዳንዶቹ መድኃኒቱን የሚበጣጥስ ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ አንዳንዶቹ የገባባቸውን መልሰው ወደ ውጭ ይተፋሉ። በዚያ ላይ ተደራርበው ሙጫ መሰል ሽፋን ሠርተው ከሥሩ ይሸሸጋሉ። ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ የሚያነሳው አንድም ለዚህ ነው።

«መድኃኒት ተላመደ» ሲባል የተላመደው ሰውየው አይደለም፤ ጀርሙ ነው። ከብዙ ሚሊዮኖች መካከል የሚቋቋሙ ጥቂቶች ይኖራሉ፤ ደካሞቹ ሲሞቱ ሜዳው ለእነርሱ ይለቀቃል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ ከሚገባው በታች መውሰድ ይህንን እንደሚያመጣ አስጠንቅቆ ነበር።

ሁሉም ቁስል አንቲባዮቲክ አይፈልግም። እብጠት፣ መቅላት፣ ሙቀት፣ ሕመም ወይም መግል፣ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ከሌሉ ቁስሉ እንዳልመረቀዘ ይቆጠራል፤ የሚያስፈልገው ጽዳት፣ ጫና መቀነስና ስኳርን መቆጣጠር ነው። ከመረቀዘ የካልቸር ምርመራ ይጠይቁ። ናሙናው የሚወሰደው ቁስሉ ከጸዳ በኋላ ከውስጥ ሥጋው ቢሆን ይመረጣል፤ ላይ ላዩን የተጠረገ መግል ያሳስታል። ሥጋ ላይ ብቻ ላለ ምርቀዛ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃል፤ አጥንት ውስጥ ከገባና አጥንቱ ካልተነሳ እስከ 6 ሳምንት ሊሄድ ይችላል። ጣት ከጠቆረ፣ ቁስሉ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።

በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት የምንዘጋጅ ሰዎች እግራችንን የማየት ዕድሉ አለን። ዉዱእ ሲያደርጉ የውሃውን ሙቀት በእግር ሳይሆን በክርን ይለኩ፤ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት ያድርቁ፤ የውስጥ እግርዎን ማየት ካቃተዎት ልጅዎ ይይልዎ። ሐኪም «ቁስሉ ውሃ አይንካው» ካለ ሸሪዓው ማቃለያ አለው፤ ፋሻው ላይ ማበስ አንዱ ነው። አፈጻጸሙን የአካባቢዎን ዓሊም ይጠይቁ።