የመኪና ዲናሞና ባትሪ በካርቱም ሙቀት

የመኪና ቁልፍ ዞሮ ሞተሩ ዝም ሲል ብዙ ሰው የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ባትሪው ሞቷል» ይላል። አዲስ ባትሪ ተገዝቶ ይገባል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አዲሱም እንደ አሮጌው ይደክማል። ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ወጣ፤ ብልሽቱ ግን ባለበት ነው። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የባትሪና የዲናሞ የሥራ ድርሻ ተለይቶ ስለማይታወቅ ነው። ባትሪ ሞተሩን ያስነሣል፤ ከዚያ በኋላ ለመኪናው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ግን ዲናሞው ነው።

ይህን ለማስረዳት ካርቱምን ምሳሌ እናደርጋለን። ከተማይቱ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት፣ ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ለመኪና የኤሌክትሪክ ክፍሎች ይህ ከባድ ፈተና ነው።

የሥራ ክፍፍል

የተለመደው የመኪና ባትሪ ስድስት ሴሎች አሉት። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ ድምሩ 12.6 ቮልት ይሆናል። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያዞር ከባትሪው 150 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል፤ ይሁን እንጂ የሚስበው ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ነው። 150 አምፔር ለ3 ሴኮንድ ቢሳብ የወጣው 450 ኩሎምብ ነው። ዲናሞው 10 አምፔር ቢመልስ ይህ ዕዳ በ45 ሴኮንድ ይከፈላል፤ በመንገድ የሚባክነው ቢጨመርበትም ጊዜው ብዙ አይረዝምም።

ዲናሞው የሚሠራው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ሕግ መሠረት ነው። ይኸውም መግነጢስ በጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት በዲናሞው መካከል ያለውን ኤሌክትሮ መግነጢስ ያዞራል። በዙሪያው ባሉት ጥቅል ሽቦዎች ውስጥ ተለዋዋጭ ጅረት ይፈጠራል፤ ዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለውጡታል፤ ሬጉሌተሩም ቮልቱ ከ14 ገደማ እንዳያልፍ ይቆጣጠራል። የመሣሪያው ትክክለኛ ስም አልተርኔተር ቢሆንም በጋራዥ ቋንቋ በቀድሞው ስም ዲናሞ ይባላል።

ዲናሞው ሥራ ሲያቆም

ቺንጋው ቢበጠስ ወይም ካርቦኑ ቢያልቅ መኪናው ወዲያውኑ አይቆምም። ነጂውን የሚያታልለው ይህ ነው። ለሞተሩ ማቀጣጠያና ለቤንዚን ፓምፑ 10 አምፔር፣ ለሁለቱ የፊት መብራቶች 9 አምፔር፣ ለአየር ማራገቢያው 11 አምፔር ቢያስፈልግ ድምሩ 30 አምፔር ነው። 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በወረቀት ላይ ሲሰላ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። በተግባር ግን ባትሪው ገና ሳያልቅ ቮልቱ ስለሚወርድ ጊዜው ከዚህ በጣም ያጥራል። መጀመሪያ መብራቱ ይፈዝዛል፤ ቀጥሎ የካንዴላው ብልጭታና ፓምፑ ይደክማሉ፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ በመጨረሻም ይጠፋል።

ከካርቱም በዋድ መዳኒ አድርጎ ገዳሪፍ የሚያደርሰው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወደ መተማ የሚሄድ ሰው ከዚያም ማለፍ አለበት። በእንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ሌሊት መብራቱ የጠፋ መኪና ለተሳፋሪዎቹም ከፊት ለሚመጣውም የሞት አደጋ ነው። ሞተሩ እየሠራ ከመሪው ፊት ቀይ የባትሪ ምልክት ቢበራ «ባትሪ ለውጥ» ማለት አይደለም፤ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም ማለት ነው።

ሙቀት የሚያደርሰው ጉዳት

በመጀመሪያ ባትሪውን እንመልከት። የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። በ25 ዲግሪ የሚደረገው ዝገትና በራስ መድከም በ45 ዲግሪ አራት እጥፍ ያህል ይፈጥናል ማለት ነው። ከዚህም በላይ የሞቀ ባትሪ ለመሞላት የሚያስፈልገው ቮልት ከቀዝቃዛው ያነሰ ነው። ሬጉሌተሩ ሙቀትን የማይለይ ከሆነ ባትሪው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ውሃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ተለያይቶ ይወጣል፤ የእርሳስ ሰሌዳዎቹም ከአሲዱ በላይ ተጋልጠው ይበላሻሉ። በደጋ ከተማ ባትሪን የሚያስቸግረው የማለዳ ብርድ ሲሆን፣ በካርቱም ዕድሜውን የሚያሳጥረው ሙቀት ነው።

ሁለተኛው ዲናሞው ነው። የመዳብ ሽቦ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ በየዲግሪው 0.39 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሽቦው ከ20 ወደ 120 ዲግሪ ቢሞቅ ተቃውሞው 39 በመቶ ይጨምራል፤ ዲናሞው ሊሰጥ የሚችለውም ጅረት ይቀንሳል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከመነሣቱ በፊት ካርቱምን ከኦምዱርማንና ከባሕሪ በሚያገናኙት ድልድዮች ላይ መኪና ተሰልፎ መቆም የተለመደ ነበር። እንደዚህ ባለ ሰልፍ ውስጥ ሞተሩ በዝግታ ስለሚዞር ዲናሞውም በዝግታ ይዞራል፤ የሚያቀዘቅዘው የጉዞ ነፋስ የለም፤ የአየር ማቀዝቀዣው ግን በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። ወጪው ከገቢው ሲበልጥ ልዩነቱ ከባትሪው ይሸፈናል።

ሦስተኛው ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ነው። ደቃቁ አቧራ የዲናሞውን ማናፈሻ ቀዳዳዎች ይዘጋል፣ ካርቦኑንም ይፈገፍጋል።

ዲናሞና የሞተር ጉልበት

ኤሌክትሪክ በነፃ አይገኝም። 70 አምፔር በ14 ቮልት ሲሰጥ ኃይሉ 980 ዋት ነው። ዲናሞው ከተቀበለው 55 በመቶውን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ቢለውጥ ከሞተሩ 1,780 ዋት፣ ማለትም 2.4 የፈረስ ጉልበት ያህል ይወስዳል። ሞተሩ ቆሞ በዝግታ ሲዞር መብራትና ማራገቢያ ቢበሩ ድምፁ ዝቅ የሚለው ስለዚህ ነው።

እንዴት እንመርምር?

1. መኪናው ካደረ በኋላ ሞተሩ ሳይነሣ የባትሪውን ቮልት መለካት። 12.6 ከሆነ ሞልቷል፤ 12.2 ከሆነ በግማሽ ግድም ላይ ነው።
2. ሞተሩን አስነሥቶ እንደገና መለካት። ከ13.8 እስከ 14.5 ጤናማ ነው። ከ13 በታች ከቀረ ቺንጋውን፣ ካርቦኑንና የሽቦዎቹን ማያያዣ ማየት ያስፈልጋል። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል።
3. መብራትና ማራገቢያ አብርቶ፣ ነዳጅ ትንሽ ሰጥቶ መለካት። ቮልቱ በጣም ከወረደ ዲናሞው ጭነቱን አልቻለም።
4. ክዳን ባለው ባትሪ ውስጥ የውሃውን መጠን ማየት። ሲጎድል የሚጨመረው በትነት የተጣራ ውሃ እንጂ አሲድ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ዲናሞውን ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል በድሮ መኪናዎች የተለመደ ነበር። በአልተርኔተር ላይ ግን ቮልቱ በድንገት አሻቅቦ ዳዮዶቹን ያቃጥላል። እንዲሁም ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅን ስለሚፈነዳ ክብሪትም ሲጋራም አይቅረብ።

መልመጃ ለተማሪዎች

ሀ) 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ዲናሞው ሳይሠራ 25 አምፔር ቢሳብበት በስሌት ስንት ሰዓት ይቆያል? በተግባር ለምን ከዚያ ያንሳል?
ለ) የመዳብ ሽቦ በ20 ዲግሪ 3 ኦም ተቃውሞ ቢኖረው በ90 ዲግሪ ስንት ይሆናል?
ሐ) አንድ ሰው በዓመት ሁለት ባትሪ ለወጠ። ሦስተኛውን ከመግዛቱ በፊት ምን ምን እንዲለካ ትመክሩታላችሁ?