ቁርበት የማያስነጥፈው ጅብ

መኖሪያችሁ ከጳውሎስ ሆስፒታል በላይ፣ ወደ ሩፋኤልና ወደ እንጦጦ ግርጌ ከሆነ የጅብ ጩኸት ለእናንተ እንግዳ አይደለም። የሚያለቅስ ልጅ ለማስተኛት «ጅቡ መጣ!» ያላችሁበት ሌሊትም አይጠፋም። ለመሆኑ ይህ አውሬ ከሚሊዮኖች ከተማ ጋር ተጎራብቶ እስከ ዛሬ እንዴት ሊኖር ቻለ? ቀኑን በእንጦጦ ደንና በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ወደ ሰፈር ይወርዳል። አንበሳ ይህን አልቻለበትም።

ምስጢሩ አንዱ ሆዱ ነው። ሌላው አውሬ ትቶት የሚሄደውን አጥንት ጅብ በመንጋጋው ሰባብሮ ይውጠዋል፤ የጨጓራው አሲድም ያሟሟዋል። ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣው ከዚህ የተነሣ ነው። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት በልቶ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይቀጥላል። በመቀሌ ከተማ ተካሂዶ በ2021 በፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ የአካባቢው ጅቦች በዓመት ወደ 207 ቶን የሚጠጋ የእንስሳት ጥንብና ተረፈ ሥጋ እንደሚያነሡ ገምቷል። ያለ ደመወዝ የሚሠራ የጽዳት ሠራተኛ ማለት ነው!

ሌላው ምስጢር የሰውን ኑሮ ማጥናቱ ነው። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብ ኩስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ጸጉር መረመሩ። በ2012 በፈረንጆች ባወጡት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም እርድ ሲቆም ጅቦቹ ፊታቸውን ወደ አህያ ያዞራሉ፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ። እኛ ጾሙን ባንጾመውም ጅቡ አሳምሮ ያውቀዋል! ስለዚህ በበዓል ማግስት አጥንቱን ከአጥር ውጭ የምትወረውሩ ቤተሰቦች፣ እንግዳችሁን ራሳችሁ እየጠራችሁት ነው። ደጅ የሚያድር ሰውና በጨለማ ብቻውን የተላከ ልጅ ለአደጋ የተጋለጡ መሆናቸውንም አትዘንጉ።

ለባለትዳሮች የሚገርመው ግን የቤተሰቡ ነገር ነው። በጅብ መንጋ ውስጥ የበላይዋ ሴቷ ናት። ከወንዱ ትገዝፋለች፤ ሴት ልጇም ከእናቷ ቀጥሎ ያለውን ማዕረግ ትወርሳለች። የሴቷ ብልት ከውጭ ሲታይ የወንዱን ስለሚመስል፣ ጅብ አንድ ዓመት ወንድ በሌላው ዓመት ሴት ይሆናል የሚል ተረት ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገር ሲወራ ኖሯል። ሐሰት ነው። እውነቱ ግን ለእናቲቱ ቀላል አይደለም፤ የምትወልደው በዚያው ጠባብ መንገድ በመሆኑ የመጀመሪያ ልጇ ብዙ ጊዜ ይሞትባታል። የተረፉት ዓይናቸውን ገልጠው፣ ጥርስ አብቅለው ይወለዳሉ። ሥጋ እያመጣች ከመመገብ ይልቅ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ታጠባቸዋለች፤ ወተቷም እጅግ የዳበረ ነው። አባትየው? በማሳደጉ የለበትም። (ባሎች፣ ይህን እንደ ምሳሌ አትጥቀሱብን።)

ወንዱ ጎልማሳ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የተወለደበትን መንጋ ትቶ ይወጣል። አባቶቻችን «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል» ይላሉ። በምድረ በዳ የተከታተሉት ተመራማሪዎች ያዩት ግን ሌላ ነው። እንግዳው ወንድ አዲሱ መንጋ ዘንድ ሲደርስ ከሁሉ በታች ሆኖ ይጀምራል፤ ከግልገሎቹ እንኳ ያንሳል። ለምግብ መጨረሻ ይቀርባል፤ ሲቆጡት ጭራውን ቆልፎ ይሸሻል። ማዕረጉም ከፍ የሚለው በጉልበቱ ሳይሆን በቆይታው፣ ከእርሱ ቀድመው የመጡት ሲሞቱ ወይም ሲሄዱ ነው። ሴቷም የሚያስጨንቃትንና የሚያስገድዳትን ትታ፣ ረጅም ጊዜ በትዕግሥት አጠገቧ እየተመላለሰ የተላመዳትን ትመርጣለች።